የጋሽ አፍንጫው ሰባት ዶሮዎች

በዚያ ሰፈር ወተቱን የተጠራጠረ ሰው ራሱ አሽትቶ አይወስንም። ክዳኑን እንደገጠመ ይዞት ወደ ጋሽ አፍንጫው ደጃፍ ይሄዳል። ቅቤም፣ ዘይትም፣ ዓመቱን ሙሉ ሻንጣ ውስጥ የከረመ ካፖርትም፣ ጋዝ ያፈሳል ተብሎ የተጠረጠረ ምድጃም የሚዳኘው እዚያው ነው። ጋሽ አፍንጫው ይህን ስም ያገኙት በአፍንጫቸው ትልቅነት አይደለም፤ አፍንጫቸውማ እንደማንኛችንም ሁለት ቀዳዳ ያለው ተራ አፍንጫ ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩበት የቆዳ ፋብሪካ ነው። ጥሬ ቆዳ የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆመው፣ የአንዱን ቆዳ ጫፍ ገለጥ አድርገው፣ የትኛው ጨው ዘግይቶ እንደነካው፣ የትኛው ፀሐይ ላይ እንደዋለ፣ ነጋዴው የተበላሸውን ከየትኛው ሥር እንደሸጎጠው ይናገሩ ነበር። መኪናው ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ "ይሄ ይመለስ" ብለዋል የሚል ወሬም አለ፤ ይህቺኛዋ ላይ ግን ትንሽ ተጨምሮባታል።

ታዲያ እኚህ ሰው ማሽተት ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ጡረታ በወጡበት ዓመት አንድ ክፉ ጉንፋን ይዟቸው ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጣላቸው። ተነሥተው ሽንኩርት ሲልጡ ዐይናቸው አለቀሰ፤ አፍንጫቸው ግን ወሬም አልሰማ። ሳሙና አነሡ፤ የለም። የጫማ ቀለም ከፈቱ፤ የለም። ሐኪሙም "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" ብሎ ሸኛቸው። "ይህን ለማለትማ እኔም ሐኪም ነኝ" እያሉ በብስጭት ወደ ቤታቸው ገቡ። ሳምንት ጠበቁ፣ ወር ጠበቁ። ለማንም አልተናገሩም። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፣ በስልክ ደግሞ ሽታ አይተላለፍም። ለጎረቤትስ ምን ብለው ይናገራሉ? አፍንጫው የተባለ ሰው አፍንጫው አልሠራ ካለ ምን ተብሎ ሊጠራ ነው? አፍረው ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። በዚያ ላይ በቀን አንድ ሁለት ሰው ወተት ይዞ ካልመጣ በቀር ደጃቸውን የሚያንኳኳ አልነበረም።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ዕቃውን ይቀበላሉ፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው አየሩን ቀስ ብለው ይስባሉ። ከዚያ እንደ ዋዛ "መቼ ነው የገዛሽው?" ይላሉ። መልሱ ግማሹን ይነግራቸዋል። "ዛሬ ጠዋት" ከሆነ ደህና ነው። "ከትናንት ወዲያ፣ ግን ቀዝቃዛ ቦታ ነበር" ከሆነ ያቺ "ግን" ትበቃቸዋለች። ቀሪውን ግማሽ ከሰውየው ፊት ያነቡታል፤ ሰው የጠረጠረውን ነገር ሲያቀብል እጁን ይዘረጋና ፊቱን ወደ ኋላ ያሸሻል። በሦስት ዓመት ውስጥ የተሳሳቱት ሁለቴ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የታመመው ሰውዬ ሆድ ነው ተባለ።

ዶሮዎቹን የገዟቸው ጡረታው በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ በማለዳ ተነሥተው ልብሳቸውን ከለበሱ በኋላ የሚሄዱበት ሲያጡ ነው። ሰባት ናቸው። ስም ያወጡላቸው በፋብሪካው አለቆች ሹመት ነው። ቀይዋ ወፍራም ሥራ አስኪያጅ ናት። ነጠብጣቧ ሒሳብ ሹም ናት፤ የወደቀ ፍሬ አታሳልፍም። ጥቁሯ የሠራተኛ አስተዳደር፣ እግሯ ላይ ላባ ያላት ደግሞ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ናት። ሦስቱ ነጫጮች ቦርዱ ናቸው፤ ሁልጊዜ አብረው ይዞራሉ፣ ብዙ ይንጫጫሉ፣ ምንም አይወስኑም። ጋሽ አፍንጫው ሠላሳ አንድ ዓመት አንገታቸውን ደፍተው የሰሙትን ግልምጫ ሁሉ በየጠዋቱ ለባለቤቶቹ ይመልሱ ነበር። ሥራ አስኪያጇ እንቁላል የዘለለች ቀን ማብራሪያ ትጠየቃለች፤ ሠራተኛ አስተዳደር ጎረቤቷን ከነቆረች የቃል ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል። ለቀልድ ተጀመረ እንጂ ነገሩ ቀልድ ሆኖ አልቀረም። ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ሲከፍቱ ሰባቱም ተጋፍተው ሲወጡ፣ ጋሽ አፍንጫው ዛሬም የሚጠብቃቸው እንዳለ ይሰማቸዋል። ይወዷቸው ነበር።

ቤቱን ራሳቸው ናቸው የሠሩት፤ በጓሮው በኩል፣ ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ ግቢ ከሚለያቸው ግንብ አጠገብ። ሲያዩት ምንም አይወጣለትም። ግን ቆርቆሮው በአንድ በኩል ያፈሳል። ውሃ መጠጫው ባልዲ መሬት ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ዶሮ በተንጠላጠለበት ቁጥር ይደፋል። ከቆጡ ሥር የተነጠፈው ጉዝጓዝ እየራሰ፣ እየተረገጠ፣ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። የዶሮ ኩስ ደረቅ ሲሆን ብዙም አያስቸግርም፤ እርጥበት ሲያገኝ ግን ጉድ ያፈላል። የሚሠራ አፍንጫ ያለው ሰው ይህን በሁለተኛው ቀን ይደርስበታል።

ሰፈሩማ ደርሶበት ነበር። ችግሩ፣ ሽታ የሸተተው ሰው ምንጩን ለማወቅ የሚሄደው ያው ወደ ጋሽ አፍንጫው መሆኑ ነው። አንድ ቀን የቀለም ነጋዴው መጥቶ "ጋሼ፣ የሆነ ነገር አይሸትም?" ይላቸዋል። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን አቅንተው፣ በሽፋሽፍታቸው ሥር አጮልቀው ሲያዩት ሰውየው የሚመለከተው መሬቱን፣ ያውም ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ያለውን የፍሳሽ ቱቦ ክዳን ነው። "ቱቦው ነው" አሉ ጋሽ አፍንጫው፣ ቆራጥ ድምፅ አውጥተው። ማዘጋጃ ቤቱ መጥቶ ቆፈረ፤ ቱቦው ንጹሕ ነበር። ጋሽ አፍንጫው ትንሽ ወደ ታች ይሆናል አሉ። በወሩ ደግሞ ተቆፈረ፤ ያም ንጹሕ ነበር። ከዚያ በኋላ ጭምር ሰፈሩ ቱቦው ነው እንዳለ ቀረ። ሰዎች በጋሽ አፍንጫው አጥር ሥር አፍንጫቸውን ይዘው ሮጥ ሮጥ እያሉ ያልፉና መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ስለ ቱቦው ያማርራሉ።

ይህን ፍርድ ያልተቀበለች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም ልብስ ሰፊዋ ናት። ልብስ ሰፊዋ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች የምትናገር፣ ነገር የማይገባት ሳይሆን ነገር የማይረሳት ሴት ናት። ቬሎ ትሰፋለች። የሥራ ክፍሏ መስኮት በቀጥታ የሚከፈተው ወደ ዶሮ ቤቱ ነው። ሁለት ጊዜ በሯ ሲቆፈር ደንበኞቿ በሳንቃ ላይ ተንገዳግደው ገብተዋል። ሁለት ጊዜ ግንቡ ላይ ተንጠልጥላ ሽታው ከየት እንደሆነ ነግራቸዋለች፤ ሁለት ጊዜም ጋሽ አፍንጫው "እህቴ፣ ቢሸት ለእኔ ይጠፋኛል?" ብለው መልሰዋታል። ሰፈሩም የቆመው ከእሳቸው ጋር ነበር።

ከዚያ የሙሽራዋ ነገር መጣ። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ልትለካ መጥታ፣ ዐይነ ርግቡን በፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ በደስታ አየር ሳበች፤ ወዲያው ፊቷ ተኮማተረ። ጨርቁ ሦስት ሳምንት ሙሉ መስኮቱ ሥር የተሰቀለ ነበር። ሙሽራዋ "የዶሮ ቤት ነው የሚሸተው" ብላ፣ ያልተጨረሰውን ቬሎ ጥላ፣ ከእናቷ ጋር ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቿን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካች፤ ከዚያ ለማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ለጋሽ አፍንጫው ደብዳቤ ደረሳቸው፦ በአሥረኛው ቀን የጽዳት ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ የዶሮዎቹ ሽታ ከግንቡ አልፎ ከተገኘ ዶሮዎቹ ከግቢው ይወጣሉ።

ጋሽ አፍንጫው በመጀመሪያ ተቆጡ። ቀጥሎ ባልዲ ደፍተው ዶሮዎቹ መሃል ተቀመጡ፤ ቁጣው ቀስ እያለ ፍርሃት ሆነ። ይሸት ይሆን? የሚጠይቁት ሰው የለም፤ ለሰፈሩ ሁሉ የሚነግሩት እሳቸው ናቸውና። ያን ጊዜ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ትዝ አላቸው። ቆጣሪው ያለው ጓሮ፣ ከዶሮ ቤቱ ጎን ነው። ሰውየው ሦስት ወር ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ ስንት ይላል?" እያለ ነበር የሚጽፈው፤ እሳቸውም ስላመናቸው መስሏቸው ደስ ይላቸው ነበር። በዚያ ሳምንት ሲመጣ ዐይኔ ደከመ ብለው እጁን ይዘው አስገቡት። በአራተኛው እርምጃ ጉንጩ ተነፋ። ቆጣሪውን በተነፋ ጉንጭ አነበበ፣ በተነፋ ጉንጭ ጻፈ፣ በተነፋ ጉንጭ አንገቱን ነቅንቆ ተሰናበተና መንገድ ላይ ደርሶ ተነፈሰ። ጋሽ አፍንጫው በዚህ ጊዜ አመኑ።

ልጃቸው የላከችላቸውን፣ ለእሳቸው ከውሃ የማይለየውን ሽቶ አወጡና ጠርሙሱን ሙሉ ጉዝጓዙ ላይ አርከፈከፉት። ልብስ ሰፊዋ መስኮቷን በኃይል ዘጋች። በማግስቱ ዝናብ ጣለ፣ ቆርቆሮው አፈሰሰ፤ ጋሽ አፍንጫው ወደሚያውቁት ሙያ ተመለሱ። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የኖራ ጉድጓድ የማይፈታው ነገር የለም፤ ፀጉር የሚያራግፈው ኖራ፣ ሥጋ የሚያላቅቀው ኖራ፣ ወለል ላይ በፈሰሰ ነገር ላይ የሚበተነው ኖራ። አንድ ከረጢት ሙሉ አምጥተው እርጥቡ ጉዝጓዝ ላይ ዘረገፉት፣ በመንሽ እያገላበጡም አዋሐዱት።

ይህ የቆዳ ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነው። እርጥብ ኩስ ላይ ኖራ ሲደፋ ውስጡ ታምቆ የኖረው ዐይን የሚያቃጥል አሞኒያ ሁሉ ባንዴ ይለቀቃል። ሥራ አስኪያጇ አንገቷን አስግጋ አጥሩ ጥግ ላይ ተለጠፈች። ሒሳብ ሹሟ አፏን ከፍታ ቀረች። ቦርዱም ከተቋቋመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ውሳኔ አሳለፈ፤ ሦስቱም ተነሥተው ግንቡን ዘለው ልብስ ሰፊዋ ግቢ ገቡ። ጋሽ አፍንጫው ግን መንሻቸውን ተደግፈው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ኖራው ዐይናቸው ውስጥ የገባ መስሏቸው፣ በሥራቸው ረክተው ፈገግ ብለው ቆመዋል።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ሳታወርድ፣ በአንድ እጇ አፍንጫዋን በጨርቅ አፍና፣ በሌላው ቦርዱን አንድ በአንድ በግንቡ ላይ አቀበለቻቸው። ሦስተኛዋን ስታቀብል እጇን ሳትመልስ አየቻቸው። እዚያ ውስጥ ለሚቆም ሰው ፈገግታ ከየት ይመጣል? ወደ ቤቷ ገባች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ በበሩ በኩል መጣች፤ በእጇ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ኩባያ ይዛለች። ድምፅዋን አለስልሳ፣ በነገሩ መጣላታችን እንዳለ ሆኖ ይህን ወተት ከእርስዎ በቀር የሚያይልኝ የለም አለቻቸው።

ጋሽ አፍንጫው ልባቸው ራራ። ኩባያውን ተቀብለው የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረጉ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ አገጫቸውን አቅንተው ሳቡ።

"መቼ ነው የገዛሽው?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ደህና ነው። ለማንኛውም አፍልተሽ ጠጪው።"

ልብስ ሰፊዋ ኩባያውን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደች።

"ጋሼ፣ ቤንዚን ነው። የጨርቅ እድፍ የማስለቅቅበት።"

ጋሽ አፍንጫው ክው አሉ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ሞከሩ፤ ጉንፋን ይዞኛል አሉ፣ ኖራው ነው አሉ፣ አንቺ ደግሞ ቤንዚን በኩባያ ይዞ መዞር ምን የሚሉት ጨዋታ ነው ብለው ለመቆጣት አሰቡ። ከዚያ የተደፋው ባልዲ ላይ ተቀመጡና ከጉንፋኑ ጀምረው ሁሉንም ነገሯት። እየነገሯት ሳለ እሷ ሳቅ ጀመራት። አፍልተሽ ጠጪው የሚለው ትዝ ባላት ቁጥር እንደገና እየጀመራት ግንቡን ተደግፋ እስክትንበረከክ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅላት የተቆፈረው በሯ ትዝ አላት፣ የሄደችው ሙሽራም ትዝ አለቻት፤ ፊቷም ኮስተር አለ።

ለማንም አልናገርም አለቻቸው፤ የእርስዎን ገመና አውጥቼ ምን አተርፋለሁ። ማመልከቻውን ግን አልሰርዝም። ተቆጣጣሪው መጥቶ ከጠየቀኝ የሸተተኝን ነው የምናገረው፤ ከሸተተ ሸተተ ነው። ጋሽ አፍንጫው ታዲያ ለእኔ ምን ልትጠቅሚኝ ነው ብለው ጠየቁ።

"አፍንጫዬን አውስዎታለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እጁን እርስዎ ያምጡ።"

የቀሩት ሰባት ቀናት ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ኖራና ኩስ የተላቆጠበትን ጉዝጓዝ ሁሉ በአካፋ ዝቀው፣ ከግንቡ ርቆ ጓሮው ጥግ ጉድጓድ ቆፍረው፣ አንድ ረድፍ ከእሱ አንድ ረድፍ ደረቅ ቅጠል እያደረጉ ቀበሩት፤ በላዩም ቆርቆሮ ጣሉበት። በሁለተኛው ቀን ጣሪያው ላይ ወጥተው የሚያፈሰውን ደፈኑ፣ አሸንዳም ሠሩለት። ባልዲውን ጣሉና ውሃ መጠጫውን በዶሮዎቹ ጀርባ ከፍታ ልክ በጡብ ላይ አስቀመጡት፤ ሥራ አስኪያጇ እንደ ወንበር መጠቀም እንደማትችል ስትረዳ ቅሬታዋን አሰማች። ከቆጡ ሥር ሳንቃ አነጠፉ፤ የሌሊቱን ኩስ በየጠዋቱ ፍቀው ወደ ጉድጓዱ የሚወስዱበት። ግንቡ በኩል ያለውን ግድግዳ ከላይ ከፍተው አየር እንዲወጣበት ሽቦ መቱበት። አናጢው ደግሞ ከመላጊያው ሥር የሚጠርገውን ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ በስድስት ጆንያ ሰጣቸው፤ የእጅ ስፋት ያህል አወፍረው አነጠፉት።

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው ሥራ አንድ ነበር። በየጠዋቱ መስኮቷን ከፍታ አንድ ጊዜ ትስብና ከብጣሽ ጨርቆቿ አንዱን ትሰቅላለች፤ ቀይ ከሆነ ይሸታል፣ ቢጫ ከሆነ ትንሽ ይሸታል፣ ነጭ ከሆነ የለም። ጋሽ አፍንጫው ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወጥተው ያንን መስኮት ማየት ጀመሩ። ሁለት ቀን ቀይ ሆነ፤ በሦስተኛው ቢጫ። በአራተኛው ሮዝ ጨርቅ ተሰቀለ። ሮዝ ምን ማለት እንደሆነ አልተነጋገሩም ነበር። ቀኑን ሙሉ ጉዝጓዙን ሲያገላብጡ፣ ሳንቃውን ሁለቴ ሲፍቁ፣ ሠራተኛ አስተዳደርን እግሯን ሲያጥቧት ዋሉ። ወደ ማታ ልብስ ሰፊዋ ሮዙን አወረደችና ግንቡ ላይ ብቅ ብላ ያጠብኩት የሚዜ መቀነት ደርቋል አለች። ሳታውቀው ነው እንዳትሉኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ታያቸው ነበር። በአምስተኛው እንደገና ቢጫ፣ በስድስተኛው ነጭ ሆነ። በሰባተኛው፣ ተቆጣጣሪው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ተመልሶ ቢጫ ሆነ።

ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ጠዋት መስኮቱ ላይ ምንም አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ለሥራዋ ጨርቅ ልትገዛ በማለዳ ገበያ ወጥታለች። ጋሽ አፍንጫው ጨርቅ የሌለበትን መስኮት እያዩ ቆሙ፤ ሸቶ ይሁን አይሁን የሚያውቁበት መንገድ የለም። ጉዝጓዙን በእጃቸው ዘግነው ጨበጡት፤ ደረቅ ነው። አንዱን ጥግ ጨበጡ፣ ሌላውንም። ሁሉንም ጥግ ጨብጦ መጨረስ ግን አይቻልም። ሰፈርተኛው ወሬ ሰምቶ በሩ ላይ ተሰብስቧል፤ የቀለም ነጋዴው፣ ቅቤ የምታመጣው ጎረቤት፣ ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር።

ተቆጣጣሪው ማኅደር በብብቱ የያዘ አጭር ጎልማሳ ነው። በሩን ገፍቶ ገባና ጋሽ አፍንጫውን ሲያይ ማኅደሩ ሊወድቅበት ምንም አልቀረው። በጎረምሳነቱ አንድ ዓመት የቆዳ ፋብሪካውን ወለል አጥቧል። እጃቸውን ጨብጦ አልለቅ አለ። ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሮ የመኪናውን ታሪክ አወራ፤ በእሱ አተራረክ መኪናው መታጠፊያውም ጋ አልደረሰም።

"ጋሼ፣ እኔ እርስዎ ፊት አፍንጫዬን ላወጣ?" አለ። "አይሆንም። ይሸታል ካሉ ይሸታል፣ አይሸትም ካሉ አይሸትም። የሚሉኝን ጽፌ እፈርማለሁ።"

ሰዉ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። በዚህ መሃል ልብስ ሰፊዋ መጣች፤ የገበያ ከረጢት ይዛ፣ ኮሌታዋ ላይ ስፒል እንደተሰካ፣ ከሰዉ ኋላ ቆመች። ጋሽ አፍንጫው ፊቷን ለማንበብ ሞከሩ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ቃሏን ጠብቃለች፤ አልተናገረችም፣ ምልክትም አልሰጠችም።

አንድ ቃል ነው የሚበቃው። አይሸትም ካሉ ሰባቱም ይቀራሉ፣ ስሙም ይቀራል። ቢሸትም እንኳ ማንም አይከራከራቸውም፤ የቱቦውን ጊዜ ያየ ይህን ያውቃል። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ አይሸትም እያለ ወደየቤቱ ይሄዳል፣ ልብስ ሰፊዋም ከቬሎዎቿ ጋር መስኮቷን ዘግታ ትኖራለች። ጋሽ አፍንጫው አፋቸውን ከፈቱ። በመስኮቱ ውስጥ የተሰቀለው አዲስ ነጭ ቬሎ ከግንቡ በላይ ይታያቸው ነበር።

"እኔ አላውቅም" አሉ። "ሦስት ዓመቴ ነው፣ ምንም አይሸተኝም። ቱቦውንም በግምት ነው ያልኩት። እሷን ጠይቃት።"

ከዚያ የቅቤዋ ጎረቤት "ቅቤዬስ?" አለች፤ የቀለም ነጋዴው ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ ጀመረና ሁሉም ሳቁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ወተት የፈረደ ሰው፣ ለካ ባዶ ቤት ነው። ጋሽ አፍንጫው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ልብስ ሰፊዋ ከረጢቷን አስቀምጣ በሰዉ መሃል አልፋ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ገባች። አልቸኮለችም። ቁጢጥ ብላ፣ አፍንጫዋን ከዶሮዎቹ ቁመት እኩል አድርጋ፣ ከጥግ ወደ ጥግ ሄደች። ቦርዱ ተከተላት። ተነሥታም ለተቆጣጣሪው ግንቡን እንደማያልፍ፣ ትናንት ትንሽ አልፎ እንደነበር፣ ውስጥ ግን አሁንም አንድ የሚሸት ቦታ እንዳለ እንዲጽፍ ነገረችው። ተቆጣጣሪው የተጠየቀው ስለ ግንቡ ብቻ ነው፤ አያልፍም ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ዶሮዎቹ ይቀራሉ ማለት ነው። በሩ ላይ ያለው ሳቅ ግን አላባራም፤ አንዱ ለጋሽ አፍንጫው አዲስ ስም እያወጣላቸው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዞረች።

"ምን ያስቃችኋል? እሳቸውስ አልሸተታቸውም። እናንተ ግን ሸቷችሁ ነበር። አፍንጫችሁን ይዛችሁ በዚህ እያለፋችሁ፣ ቱቦው ነው ብላችሁ በሬን ያስቆፈራችሁት እናንተ ናችሁ።"

ሳቁ ቆመ። የቀለም ነጋዴው ሱቁን ክፍት ትቶ እንደመጣ ትዝ አለው። የቅቤዋም ሴትዮ ምድጃ ላይ ድስት ነበራት። አንድ በአንድ ወጡ፤ ተቆጣጣሪውም ማኅደሩን አቅፎ ተከተላቸው።

ጋሽ አፍንጫው አልሸኟቸውም። መኮትኮቻ ይዘው ጉዝጓዙ ላይ ተንበርክከዋል። የሚሸተው የትኛው ጋ ነው ብለው ጠየቋት። ወደ ግራ አለቻቸው፤ ገፋ አሉ። ትንሽ ወደ ውሃው አለቻቸው። ፍቅፋቂውን ገልጠው ጣታቸውን ሲሰዱ፣ ከጡቡ ሥር ያለው አፈር እርጥብ ነበር፤ ልክ እሷ ያለችበት ቦታ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ሽታ አንድ እውነት በእጃቸው ሲዳስሱ የመጀመሪያቸው ነው፤ አፈሩን በደስታ ደጋግመው ጨበጡት።

"እሱ ነው፣ ጋሼ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እዚያ ነው የሚቆፈረው።"